ስሙ ከተነገራችሁ በኋላ፦ ለኦቲዝምና ለባይፖላር የትኛው እርዳታ ይቅደም?

በእኛ ቤት ሁለቱም አሉ። ልጄ ከኦቲዝም ጋር ነው የሚኖረው፤ ታላቅ እህቴ ደግሞ ከባይፖላር ጋር። በሁለቱም ጊዜ የሆነው አንድ ነው። ሐኪሙ ስሙን ነገረን፣ ወረቀት ሰጠን፣ ወጣን። ከዚያ ስልኩ መጮኽ ጀመረ። አንዱ “እገሌ ጋ ውሰዱት” ይላል። ሌላዋ “መድኃኒት እንዳታስጀምሯት፣ ሱስ ይሆንባታል” ትላለች። ሦስተኛው ኢንተርኔት ላይ ያየውን ቪታሚን ይልካል። ሁሉም ለእኛ ብለው ነው። እኛ ግን ግራ ገባን።

ግራ ሲገባን ደግሞ ነገሩን አገላብጠን ያዝነው። ለልጄ ክኒን ፍለጋ ስንዞር፣ እህቴን “አውሪው፣ ይወጣልሻል” ስንላት ከረምን። መሆን የነበረበት ተቃራኒው ነው። በባይፖላር መድኃኒቱ ይቀድማል፣ ንግግሩ ይከተላል። በኦቲዝም መግባባትን ማስተማር ይቀድማል፣ መድኃኒት ቢያስፈልግም መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዚህ ማብራሪያ ነው። የማዕከልም የምርትም ስም አልጠራም።

ሁለቱ በምን ይለያያሉ?

ኦቲዝም ከልጅነት ጀምሮ አብሮ ያለ የአንጎል እድገት ልዩነት ነው። ሊዮ ካነር የተባለ የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1943 ስለ 11 ልጆች ሲጽፍ ነው እንደ አንድ የተለየ ነገር መታየት የጀመረው። ከዚያ ለብዙ ዓመታት “እናትየው ቀዝቃዛ ስለሆነች ነው” ተባለ። ሐሰት ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ደግሞ ክትባት ያመጣዋል የሚል ጽሑፍ ወጣ። ያሳተመው መጽሔት ራሱ በ2010 ሰርዞታል። ዛሬም በየቤቱ የሚወራው ግን የተሰረዘው ነው።

ምልክቱ ብዙውን ጊዜ 2 ዓመት ሳይሞላ ይታያል። ስሙን ሲጠሩት አይዞርም። የሚፈልገውን በጣቱ አያሳይም። አንድን ነገር ደጋግሞ ይሠራል። ድምፅ ወይም የልብስ ስፌት ይረብሸዋል። ስፔክትረም የሚባለው ልዩነቱ ሰፊ ስለሆነ ነው፤ አንዱ ፈጽሞ አይናገርም፣ ሌላው ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል። ቀድሞ አስፐርገር ይባል የነበረውም ከ2013 ወዲህ በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ውስጥ እዚሁ ተጠቃሏል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ100 ልጆች አንዱ አካባቢ ኦቲዝም አለው ብሎ ሲገምት ቆይቷል።

ባይፖላር በወቅት የሚመጣና የሚሄድ የስሜት ሕመም ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በጉርምስና መጨረሻና በ20ዎቹ ዕድሜ ነው። ማኒያ የሚባለው ከፍታ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ይቆያል። እንቅልፍ ይጠፋል፣ ሐሳብ ይሮጣል፣ ገንዘብ ይበተናል፣ ሰውየው ግን “እንዲህ ደህና ሆኜ አላውቅም” ይላል። ቀለል ያለው ከፍታ ሃይፖማኒያ ይባላል፤ መለኪያው ቢያንስ 4 ቀን ነው። ዝቅታው ድባቴ ነው፤ ቢያንስ 2 ሳምንት። ሙሉ ማኒያ ካለ አንደኛው ዓይነት ነው። ሃይፖማኒያና ድባቴ ከሆነ ሁለተኛው። በአንድ ከሰዓት ውስጥ ስቆ የሚያለቅስ ሰው ብቻውን በዚህ ባይፖላር አይባልም። ይህን ቃል እንደ ስድብ የሚጠቀሙበት ሰዎች ይህን ቢያውቁ ደስ ይለኛል።

አንድ ሰው ሁለቱም ሊኖሩት ይችላሉ። ያኔ መለያው “ከራሱ ልማድ ተለውጧል ወይ?” የሚለው ጥያቄ ነው። የኦቲዝም ባሕርይ ዓመቱን ሙሉ አለ። ሁልጊዜ ለ8 ሰዓት ያህል የሚተኛ ኦቲዝም ያለበት ወጣት በድንገት ለ3 ሰዓት ብቻ ተኝቶ ካልደከመው፣ “ኦቲዝሙ ነው” ብሎ ማለፍ አይገባም።

መመዘኛዎቹ

ማንኛውንም እርዳታ ከመጀመራችሁ በፊት እነዚህን አምስት ጥያቄዎች ጠይቁ። እኔ በስልኬ ላይ ጽፌያቸዋለሁ፤ ባለሙያ ፊት ስቀመጥ አውጥቼ አነባለሁ። አላፍርም።

1. ምኑን ነው የሚለውጠው? “ይሻለዋል” መልስ አይደለም። “በ3 ወር ውስጥ ውኃ ሲፈልግ በሥዕል ይጠይቃል” መልስ ነው።
2. ማስረጃው ምንድን ነው? የአንዲት እናት ቪዲዮ ነው ወይስ በብዙ ሰው ላይ የተደረገ ጥናት?
3. ምን ጉዳት ሊያመጣ ይችላል? “ምንም ጉዳት የለውም” የሚላችሁን ተጠራጠሩ።
4. በምን ይለካል፣ ካልሠራስ መቼ ይቆማል?
5. ገንዘብ፣ ሰዓትና ጉልበት ምን ያህል ይበላል? ለዓመታት መቀጠል ይቻላል?

አምስተኛው ጥያቄ ነው ብዙ ቤተሰብን የሚጥለው። ለ4 ወር ተንገብግቦ ተሠርቶ የተተወ ነገር ካልተጀመረው ብዙም አይሻልም።

ለባይፖላር ያሉት አማራጮች

*መድኃኒት።* መሠረቱ ይህ ነው። ከከፍታው የሚያወርድና ተመልሶ እንዳይመጣ የሚከላከል መድኃኒት ሳይኖር ሌላው ሁሉ በአሸዋ ላይ ነው። ግን “መድኃኒት” አንድ ነገር አይደለም።

ሊቲየም የቆየው ነው። ጆን ኬድ የተባለ አውስትራሊያዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1949 ለማኒያ እንደሚሠራ ጻፈ። እስከ ዛሬ ከዝርዝሩ አናት አልወረደም። ራስን የማጥፋት አደጋን እንደሚቀንስ ከሌሎቹ የተሻለ ማስረጃ ያለውም እሱ ነው። ርካሽ ነው። ችግሩ በሚረዳውና በሚመርዘው መጠን መካከል ያለው ርቀት ጠባብ መሆኑ ነው። በደም ውስጥ ብዙውን ጊዜ የሚፈለገው በሊትር ከ0.6 እስከ 1.0 ሚሊሞል ነው። ከ1.5 ካለፈ ወደ መመረዝ ይሄዳል። ስለዚህ የደም ምርመራ የግድ ነው፤ ኩላሊትና የታይሮይድ ዕጢም በየጊዜው ይታያሉ።

ምርመራው ራሱ ወግ አለው። ደሙ የሚቀዳው የመጨረሻው ክኒን ከተዋጠ 12 ሰዓት ሲሞላው ነው። እህቴ ማታ ትውጣለች፣ ጠዋት ላቦራቶሪ ትሄዳለች፣ የጠዋቱን ክኒን በቦርሳዋ ይዛ። ደሙ ከተቀዳ በኋላ እዚያው ኮሪደር ላይ ትውጠዋለች። አንድ ቀን ረስታ ቀድማ ዋጠችውና ቁጥሩ ከፍ ብሎ መጣ፤ ቤቱ ተሸበረ።

እውነተኛው መሸበር ግን ሌላ ጊዜ ነበር። ሆዷ ተበላሽቶ ሁለት ቀን ሲያስቀምጣት ቆየ። በሦስተኛው ቀን ሻይ ስሰጣት ስኒው ማስቀመጫው ላይ ተንቀጫቀጨ። እጇ ነው። ቃላቷም ተሳሰሩ። ድካም መስሎን ነበር። ሊቲየሙ ነበር፤ ሰውነት ውኃ ሲያጣ በደም ውስጥ ይከማቻል። ተቅማጥ፣ ትውከት፣ ኃይለኛ ላብ፣ እንደ አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎች፣ ጨውን በድንገት መተው፣ እነዚህ ሁሉ በደም ውስጥ ያለውን መጠን ከፍ ያደርጉታል። እጅ ሲንቀጠቀጥ፣ እግር ሲንገዳገድ፣ ንግግር ሲኮላተፍ የሚቀጥለው ክኒን አይዋጥም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ነው።

ቫልፕሮኤት ማኒያን ቶሎ ያወርዳል። ነገር ግን ልትወልድ ለምትችል ሴት ከባድ ጉዳይ ነው። በእርግዝና ወቅት ከተወሰደ ከ10 ሕፃናት አንዱ አካባቢ የአካል ጉድለት ይዞ ይወለዳል። ከ10 ከ3 እስከ 4 የሚሆኑት ደግሞ የእድገት ችግር ይገጥማቸዋል። ሐኪሙ ይህን ሳያነሳ ከጻፈላችሁ እናንተ አንሱት። ላሞትሪጂን ከማኒያው ይልቅ ድባቴው እንዳይመለስ ይበልጥ ይረዳል። በትንሽ ተጀምሮ በሳምንታት ነው ከፍ የሚለው። ቆዳ ላይ ሽፍታ ከወጣ ያን ቀን ሐኪም ይታይ። ኩዌታፒንና ኦላንዛፒን ጥሩ ይሠራሉ፤ እንቅልፍና ክብደት ይጨምራሉ፤ ስኳርም መታየት አለበት።

አንድ ወጥመድ አለ። ሰው ሐኪም ጋ የሚሄደው ድባቴ ውስጥ ሲሆን ነው። ከፍታውን እንደ ሕመም አይቆጥረውም፣ አይናገረውምም። ስለዚህ የድባቴ መድኃኒት ብቻ ይጻፍለታል። ያ ብቻውን ከተወሰደ ወደ ማኒያ ሊገፋ ይችላል። አብራችሁ ግቡና ስለ ከፍታው እናንተ ተናገሩ።

*የንግግር ሕክምና።* ከመድኃኒቱ ጋር እንጂ በእሱ ፋንታ አይደለም። ጥሩ የሚባሉት ሦስት ናቸው። ሕመሙን የሚያስተምር የቡድን ትምህርት፣ ቤተሰብን ያካተተ ሕክምና፣ እና የእንቅልፍና የቀን ሥርዓትን የሚያስተካክል ሕክምና። የቤተሰቡ በተለመደው አሠራሩ በ9 ወር 21 ጊዜ መገናኘት ነው። ሁሉም የሚያስተምሩት አንድ ወርቃማ ነገር አለ፤ የራስን የማስጠንቀቂያ ምልክት ማወቅ። የእህቴ ምልክት ሶፋ ነው። ሊነሳባት ሲል ሌሊት የቤት ዕቃ ማዘዋወር ትጀምራለች። ሶፋው በሳምንት ሁለት ጊዜ ቦታ ከቀየረ ለሐኪሟ እንደውላለን።

*የአቻ ቡድን።* ብዙ ጊዜ ነፃ ነው። “መድኃኒቱን ሳቆም ምን ሆንኩ” የሚለውን ከሐኪም ይልቅ ከደረሰበት ሰው መስማት ይሠራል። መድኃኒት አቁሙ የሚል ቡድን ከሆነ ግን ውጡ።

*ሆስፒታል መተኛት።* ቅጣት አይደለም። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ሲኖር፣ ማኒያው ከቤተሰብ አቅም ሲወጣ፣ ወይም የሌለ ድምፅ መስማት ሲጀመር ትክክለኛው ምርጫ ይህ ነው።

ለኦቲዝም ያሉት አማራጮች

*የወላጅ ሥልጠና።* አንድ ብቻ ምረጡ ብትሉኝ ይህን ነው የምመርጠው። ልጁ ባለሙያ ጋ በሳምንት ሁለት ሰዓት ቢቀመጥ፣ የቀረውን ከእናንተ ጋር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2 እስከ 9 ዓመት ላሉ የእድገት መዘግየት ያላቸው ልጆች ወላጆች ያዘጋጀው ሥልጠና አለ። 9 የቡድን ስብሰባና 3 የቤት ጉብኝት ነው። በኢንተርኔት የሚሰጥ ነፃ ቅጂም አለው።

ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። ልጄ የድስት ክዳን ያሽከረክር ነበር። ሰዓታት። እኔ እየነጠቅኩ “ተው!” እላለሁ፤ እሱ ይጮኻል። አሠልጣኟ “አጠገቡ ቁጭ በይና አንቺም የራስሽን አሽከርክሪ” አለችኝ። ትልቅ ሰው ወለል ላይ ተቀምጦ ክዳን ሲያሽከረክር አስቡት። በአራተኛው ቀን ገደማ የእኔን አየ። ከዚያ የእኔ ሲቆም እጄን ይዞ ክዳኑ ላይ አደረገው። “አዙሪ” ማለቱ ነው። ሐሳቡን ሆን ብሎ ለእኔ ሲናገር ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያኔ ነው። ወጪው ዜሮ ነበር፤ ጉልበቱ ግን ቀላል አይደለም።

*የንግግር ቴራፒ።* ስሙ ያሳስታል፤ ሥራው መግባባት ነው። በሥዕል ካርድ፣ በምልክት ወይም በታብሌት መጀመር ይቻላል። “ሥዕል ከለመደ አይናገርም” የሚለው ፍርሃት መሠረት የለውም። ጥናቶች የሚያሳዩት እንደማይከለክለው፣ አንዳንዴም እንደሚረዳው ነው። ባለሙያው እናንተን ውጭ አስቀምጦ በር ከዘጋ፣ ለምን እንደሆነ ጠይቁ። ውስጥ የተሠራው ቤት ካልገባ ገንዘቡ ባከነ።

*ኦኩፔሽናል ቴራፒ።* መልበስ፣ መብላት፣ ጥርስ መቦረሽ፣ መጻፍ። ግቡ እንዲህ ተጨባጭ ሲሆን ጥሩ ነው። ግቡ “የስሜት ሕዋሳትን ማመጣጠን” የሚል ጭጋግ ሲሆን ማስረጃውም ይሳሳል።

*የባሕርይ ቴራፒ።* የሚፈለገውን ባሕርይ በሽልማትና በድግግሞሽ ማስተማር ነው፤ ብዙ ክርክር ያለበትም እዚህ ነው። ኢቫር ሎቫስ የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1987 ይህ ቴራፒ በሳምንት 40 ሰዓት የተሰጣቸው ልጆች ብዙ ተሻሻሉ ብሎ ጻፈ። ከዚያ በኋላ ተስፋፋ። የጎለመሱ ኦቲዝም ያለባቸው ሰዎች ግን “ራሳችንን እንድንደብቅ ነው የሠለጠንነው” እያሉ ይናገራሉ፤ መስማት አለብን። አሁን በጨዋታ ውስጥ የሚሰጡ ለዘብ ያሉ ዓይነቶች አሉ። የእኔ መለኪያ ቀላል ነው። ግቡ ልጁ እንዲጠይቅ፣ እንዲጠብቅ፣ መንገድ በደህና እንዲሻገር ከሆነ እሰየው። ግቡ ዓይን ለዓይን እንዲያይና እጁን እንዳያርገበግብ ከሆነ፣ ለማን ተብሎ?

*መደበኛ ወይስ ልዩ ትምህርት ቤት?* ከስሙ ይልቅ ክፍሉን እዩ። በክፍሉ ስንት ልጅ አለ? ረዳት አለ? ልጁ ሲጨነቅ የሚወጣበት ጸጥ ያለ ቦታ አለ? አንድ ቦታ “እንቀበላለን” ብለውን ልጄ ኮሪደር ላይ ወንበር ተሰጥቶት ሲውል ደረስኩበት።

*መድኃኒት።* የኦቲዝምን መሠረታዊ ባሕርይ የሚለውጥ መድኃኒት የለም። ሪስፔሪዶን በ2006፣ አሪፒፕራዞል በ2009 በአሜሪካ የተፈቀዱት ለከባድ ቁጣና ራስን ለመጉዳት ነው። ክብደት ይጨምራሉ፣ በተለይ ሪስፔሪዶን። ከዚያ በፊት ግን ሕመም ፈልጉ። የማይናገር ልጅ ጥርሱን ሲያመው ጭንቅላቱን ከግድግዳ ሊያጋጭ ይችላል። ጆሮ፣ ጥርስ፣ የሆድ ድርቀት ይታይ። የሚጥል በሽታም ከሌላው ሕዝብ ይበዛባቸዋልና ፈዞ የሚቀር ልጅ ይመርመር።

*“ፈዋሾቹ”።* እንደ ሜርኩሪ ያሉ ከባድ ብረቶችን በመድኃኒት ከደም ማውጣት (ኪሌሽን)፣ የኦክስጅን ታንክ፣ የሚጠጣ በረኪና፣ የስቴም ሴል መርፌ። አንዱም ኦቲዝምን አያድንም። በኪሌሽኑ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2005 አሜሪካ ውስጥ አንድ የ5 ዓመት ልጅ ሞቷል። “ሙሉ በሙሉ ይድናል” ካለ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከጠየቀ፣ “ለሐኪማችሁ አትንገሩ” ካለ፣ በቃ ውጡ።

በአንድ እይታ

| አማራጭ | ለማን | ማስረጃ | ዋና ጥንቃቄ | ወጪ |
|---|---|---|---|---|
| ሊቲየምና ሌሎች የስሜት ማረጋጊያዎች | ባይፖላር | በጣም ጠንካራ | የደም ምርመራ፣ እርግዝና | ክኒኑ ብዙ ጊዜ ርካሽ፣ ምርመራው ይጨምራል |
| የንግግርና የቤተሰብ ሕክምና | ባይፖላር | ጥሩ፣ ከመድኃኒት ጋር | ብቻውን አይበቃም | መካከለኛ |
| የአቻ ቡድን | ለሁለቱም | ለብቸኝነት ይረዳል | መድኃኒት አቁሙ የሚሉ | ብዙ ጊዜ ነፃ |
| የወላጅ ሥልጠና | ኦቲዝም | ጥሩ | የወላጅ ድካም | ትንሽ ገንዘብ፣ ብዙ ጉልበት |
| የንግግር ቴራፒ | ኦቲዝም | ጥሩ | ቤት ካልገባ ይባክናል | መካከለኛ እስከ ከፍተኛ |
| ኦኩፔሽናል ቴራፒ | ኦቲዝም | እንደ ግቡ ይለያያል | ጭጋጋማ ግብ | መካከለኛ እስከ ከፍተኛ |
| የባሕርይ ቴራፒ | ኦቲዝም | አከራካሪ | የግቡ ዓይነት፣ የሰዓቱ ብዛት | ከፍተኛ |
| ሪስፔሪዶን፣ አሪፒፕራዞል | ኦቲዝም፣ ለከባድ ቁጣ | ለዚያ ብቻ ጠንካራ | ክብደት፣ መጀመሪያ ሕመም ይታይ | መካከለኛ |
| “ፈዋሾች” | ለማንም | የለም | ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል | በጣም ከፍተኛ |

እንደ አቅማችሁና እንደ ሁኔታችሁ

ገንዘብ ከሌለ፦ ለባይፖላር ያላችሁን ሁሉ መድኃኒቱና የደም ምርመራው ላይ አውሉ። ስሜትና የእንቅልፍ ሰዓት በየቀኑ በደብተር ይጻፍ፤ ለሐኪሙ ከማንኛውም ወሬ ይሻለዋል። ለኦቲዝም ነፃውን የወላጅ ሥልጠና ጀምሩ፣ የሥዕል ካርዱን ከካርቶን ራሳችሁ ቁረጡ።

መጠነኛ አቅም ካለ፦ ባለሙያውን በሳምንት ሦስት ጊዜ ልጁን እንዲያይ ከምትከፍሉት፣ በወር ሁለት ጊዜ እናንተን እንዲያሠለጥን ክፈሉት።

አቅም ካለ ፈተናው ሌላ ነው። አምስት ቴራፒ አንድ ላይ ይጀመራል፣ ልጁ ይደክማል፣ የትኛው እንደሠራ አይታወቅም። ሁለት ግብ፣ ሦስት ወር፣ ከዚያ ምዘና።

በጉልምስና ዕድሜው “ኦቲዝም አለብህ” ለተባለ ሰው የልጆች ቴራፒ አይሆነውም። ጭንቀትና ድባቴ ካሉ ይታከሙ። በሥራ ቦታ ደግሞ ጸጥ ያለ ጥግ ወይም በጽሑፍ የተሰጠ ትእዛዝ ብዙ ያቀልላል።

ባይፖላር ያለበት ሰው ደህና ሆኖ መድኃኒቱን ማቆም ከፈለገ ብቻውን አይወስን። ሊቲየምን በድንገት ማቋረጥ ማኒያን ቶሎ ሊመልስ ይችላል። ስለ መሞት ማውራት ከጀመረ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ብቻውን አትተዉት፣ መድኃኒቶቹን ከእጁ አርቁ፣ በዚያው ሌሊት ወደ ድንገተኛ ክፍል።

ከሁሉ በፊት ደግሞ ሰላም ባለበት ቀን የሚጻፍ ወረቀት አለ። እህቴ የራሷን በእጇ ጻፈችው። ሲነሳብኝ ለማን ይደወል፣ የትኛው መድኃኒት ረድቶኛል፣ የትኛው ጎድቶኛል፣ የባንክ ካርዴን ማን ይያዝልኝ። ካርዱን የምይዘው እኔ ነኝ። በመጨረሻው መስመር ላይ እንዲህ ትላለች፦ “ሶፋውን ካዞርኩ አትከራከሩኝ፣ ደውሉ።” ፍሪጁ ላይ ተለጥፏል፣ ከልጄ የሥዕል ካርዶች አጠገብ።